ኬሚካል የሌለበት ቡና የለም

በ1997 አይዳሆ በተባለችው የአሜሪካ ግዛት ኔታን ዞህነር የሚባል የ14 ዓመት ተማሪ ለሳይንስ ውድድር ያዘጋጀውን ማስጠንቀቂያ ይዞ ወደ እኩዮቹ ሄደ (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሃይድሮጅን ሞኖክሳይድ የሚባል ኬሚካል አለ ይላል ጽሑፉ። ሽታም ቀለምም የለውም። ወደ ሳንባ ከገባ ይገድላል፣ በጋዝነቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ብረት ያዝጋል፣ በአሲድ ዝናብም በካንሰር ዕጢም ውስጥ ይገኛል። ይታገድ ወይስ አይታገድ ብሎ 50 ተማሪዎችን ጠየቀ። 43ቱ ይታገድ አሉ። የተባለው ነገር ውሃ መሆኑን ያወቀው አንድ ተማሪ ብቻ ነበር።

ቀልዱ ከእሱ በፊትም ነበረ። በ1983 በሚሺጋን የሚታተም አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ በአፕሪል ዘ ፉል ዕለት ተመሳሳይ ወሬ አውጥቶ ነበር። የተታለሉትም ልጆች ብቻ አይደሉም። በ2004 በካሊፎርኒያ የአሊሶ ቪዬሆ ከተማ ምክር ቤት ይህ «ኬሚካል» ሲመረቱ ይገባባቸዋል በሚል የፎም ኩባያዎችን ለማገድ አጀንዳ ይዞ ነበር፤ ነገሩ የታወቀው ድምፅ ሊሰጥበት ሲቃረብ ነው።

በዚያ ማስጠንቀቂያ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። የጎደሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መጠኑና ወደ ሰውነት የሚገባበት መንገድ። እነዚህ ሁለቱ ከጎደሉ ከማንኛውም ነገር ላይ አስፈሪ ወሬ መሥራት ይቻላል፤ ከካፋ ቡናም ጭምር። እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ቃል በቃል እውነት ነው፦ በካፋ፣ በቦንጋ ዙሪያ ባለው ደን ውስጥ አንድ ዛፍ ነፍሳትን የሚያባርርና የሚገድል መርዝ በቅጠሉና በፍሬው ያመርታል። መርዙ በላቦራቶሪ ቀንድ አውጣ ገድሏል። 10 ግራም ገደማው አዋቂ ሰው ሊገድል ይችላል። እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል፣ የለመደው ሰው ሲያጣው ራሱን ያመዋል። ለእንግዳም በየቤቱ ይቀርባል።

ይህ ካፌይን ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ በ1819 ለብቻው ነጥሎ አወጣው፤ የቡና ፍሬውን እንዲመረምር የሰጠው ገጣሚው ጎተ ነበር። አንድ ስኒ ቡና 100 ሚሊ ግራም ይይዛል ብንል እንኳ፣ 10 ግራም ለመሙላት መቶ ስኒ በአንድ ጊዜ መጠጣት ያስፈልጋል። ስለ ካፌይን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በቡና አበባ ወለላ ውስጥም በጣም በትንሹ አለ። በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ካፌይን ያለበት ጣፋጭ የቀመሱ ንቦች የአበባውን ሽታ ከአንድ ቀን በኋላ የማስታወስ ዕድላቸው ካልቀመሱት በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ያው ሞለኪውል ቅጠሉ ላይ በዝቶ ተባይ ያባርራል፣ አበባው ላይ አንሶ ንብ ይጠራል። ስለ ኬሚካል የሚነገሩ ጥቂት ተረቶች ደግሞ እነሆ።

ተረት፦ የጫካ ቡና ኬሚካል የለበትም።

እንዲህ የሚለው ቡና ሻጭ ሊል የፈለገውን እናውቃለን። ዩኔስኮ በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በመዘገበው የካፋ ደን ውስጥ ከጥላ ሥር የሚለቀም ቡና ፀረ ተባይ አይረጭበትም፣ ማዳበሪያም አይደረግበትም። ይህ እውነት ነው፤ ሊኮራበትም ይገባል። ነገር ግን ቡናው ምጣድ ላይ ሲወጣ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ከ800 በላይ ከሚሆኑ ተናኝ ኬሚካሎች የተሠራ ነው። አክሪላማይድ የሚባለውም በተቆላ ቡና ሁሉ ውስጥ ይፈጠራል፣ ከፋብሪካ ቢመጣም ከእናቶቻችን ምጣድ ቢወርድም። በ2018 አንድ የካሊፎርኒያ ዳኛ በዚሁ አክሪላማይድ የተነሳ ቡና ሻጮች የካንሰር ማስጠንቀቂያ እንዲለጥፉ ወሰኑ። በማግስቱ ዓመት ግዛቲቱ ቡናን ከዚያ ግዴታ ነጻ አደረገችው፤ ቡና መጠጣት ካንሰር ያመጣል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አልተገኘምና። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ቀደም ሲል ቡናን ከተጠርጣሪዎች ተርታ አስገብቶት ነበር፤ በ2016 ግን ከዚያ አወጣው።

«ከጫካ ስለመጣ ንጹህ ነው» ማለት ሌላም ጉድለት አለው፤ በመንገድ የሚገጥመውን ይረሳል። በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ እሷ ከምትፈቅደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ቁጥጥሯን አጠበቀች፤ ወደዚያ የሚላከው ቡና ክፉኛ ቀነሰ። በዋናነት የተጠረጠረው ማሳው ሳይሆን ቡናው የተጓዘበት ኬሻ ነበር። በጥላ ሥር በቅሎ በእጅ የተለቀመ ቡናም የነቀዝ መድኃኒት በነካው ጆንያ ከታሰረ ቅሪቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ለካፋ ገበሬና ለማኅበራቱ «ኬሚካል የለበትም» ከሚለው ቃል ይልቅ ንጹህ ኬሻ፣ የተለየ መጋዘንና የላቦራቶሪ ወረቀት ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ተረት፦ በረካ ካፌይን የለውም።

አለው፤ ያነሰ ነው እንጂ። አብዛኛው በአቦልና በቶና ወጥቶ ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል፤ ቆጠራው ታዲያ በረካንም፣ ሻይንም፣ ኮካንም ይጨምራል።

ተረት፦ ተፈጥሮ የሰጠው አይጎዳም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ካፋ የማር አገር ነው፤ ማር ለአዋቂ ምግብም መድኃኒትም ነው። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በጣት ነክቶ እንኳ ማቅመስ አይገባም። ማር ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። ገና ባልጠነከረ የሕፃን አንጀት ውስጥ አቆጥቁጦ ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ የበረታውን ይሠራል፤ ልጁ መጥባት ያቅተዋል፣ አንገቱ ይዝላል፣ ትንፋሹ ይደክማል። ማሩ ከደን ቀፎ በቀጥታ መውረዱ ከዚህ አያድነውም፤ ቤት ውስጥ ማፍላትም ዘሩን አይገድለውም።

ሌላው ምሳሌ ጓያ ነው፤ የጎንደር፣ የጎጃምና የሸዋ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ማንም ሳይረጨው፣ እህሉ ራሱ ኦዳፕ የሚባል መርዝ ይሠራል። ድርቅ ስለሚቋቋም በችግር ዓመት ሌላው ሲጠፋ እሱ ይተርፋል፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ደግሞ የብዙ ወጣቶችን እግር ላይመለስ ሽባ አድርጓል። የሚጎዳው እንፋሎቱ ነው፣ ወይም ማሳውን ማቋረጥ ነው የሚል እምነት በገበሬው ዘንድ ሰፊ ነው። ይህ እምነት እንፋሎት የሚሸሸውን ሰው ጓያውን ከመብላት አያግደውም። ጉዳቱ የሚመጣው በመብላት ነው፤ ያውም ብዙ፣ ለረጅም ጊዜ፣ ሌላ እህል ሳይቀላቀልበት ሲበላ። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን ይቀንሰዋል።

ተረት፦ ክሎሪን የገባበት ውሃ ይመርዛል።

ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሮ ያከመውን ውሃ «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» ብሎ ደፍቶ ከምንጭ የሚቀዳ ሰው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ በሊትር እስከ 5 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይፈቅዳል። አፍንጫችን ከዚያ በጣም ያነሰውን ያሸታልና ሽታው ብቻውን የመመረዝ ምልክት አይደለም። ያልታከመው ምንጭ ግን ምንም ሳይሸት ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ኮሌራ ሊያመጣ ይችላል።

ውሃ አጋርና በረኪና የአንድ ኬሚካል ሁለት መጠን ናቸው፤ ሁለቱም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ናቸው፣ በረኪናው ግን ይበልጥ የበረታ ነው። በየሱቁ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ምልክት ሳይለጠፍበት ይሸጣል፤ ቤት ሲደርስ ከውሃው ጎን ይቀመጣል። የተጠማ ልጅ ሁለቱን አይለይም። መጸዳጃ ቤት ለማጽዳት ከአሲድ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ልጅ በረኪና ከጠጣ እንዲያስመልሰው አይገፋፋ፤ ሲወጣ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል። አፉን አጉመጥምጦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፣ ጠርሙሱም አብሮ ይሂድ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ጠጣ፣ ምን ያህል ጠጣ የሚለውን ነው።