የመቀመጫ ቀበቶ በአውሮፕላን ውስጥ

የመቀመጫ ቀበቶ የሚያስፈልገው አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ ብቻ ነው ብለው የሚያስቡ መንገደኞች ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ አደጋ በጉዞ መካከልም ሳይታሰብ ሊደርስ ይችላል።

ለምሳሌ ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የሚደረገውን በረራ እንመልከት። የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በከተማዋ መካከል የተሠራ ሲሆን፣ ከእርሱ በስተምሥራቅ በጥቁር ዓባይ ዳር የአል-ማንሺያ ሰፈር ይገኛል። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት እስኪነሣ ድረስ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ማረፊያ ወደ አገራቸው ይበሩ ነበር። በካርቱም ሜዳ በፀሐይ የጋለው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ይነሣል። የኢትዮጵያ ደጋ ሲቃረብ ደግሞ ነፋሱ ከተራሮች ጋር እየተጋጨ ይታወካል፤ በክረምትም የነጎድጓድ ደመና ይከማቻል። እንዲህ ያለው አየር አውሮፕላንን ያናውጣል።

ማንኛውም አካል የሚገፋው ወይም የሚይዘው ኃይል ከሌለ በነበረበት እንቅስቃሴ ይቀጥላል። ስለዚህ ነፋስ አውሮፕላኑን በድንገት ወደ ታች ሲገፋው፣ ቀበቶ ያላሰረ መንገደኛ አብሮ አይወርድም፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ከጣሪያው ጋር ይላተማል፤ ወዲያውም ተመልሶ ይወድቃል። የቀበቶው ተግባር ሰውነትን ከመቀመጫው ጋር አጣብቆ መያዝ ነው።

ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ የሲንጋፖር አየር መንገድ አውሮፕላን በምያንማር ሰማይ ላይ ክፉኛ ተናወጠ። በ4.6 ሰከንድ ውስጥም 54 ሜትር ያህል ዝቅ አለ። ቀበቶ እንዲታሰር የሚያዘው መብራት የበራው ከዚያ 8 ሰከንድ ያህል ብቻ ቀደም ብሎ ነበር። ያላሰሩት ወደ ላይ ተወርውረው ወደቁ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፤ አንድ መንገደኛም ሕይወቱ አለፈ።

ቀበቶን ማሰር ብቻ ሳይሆን በሚገባ ማሰርም ያስፈልጋል። ቀበቶው ሳይጣመም ከሆድ በታች፣ በዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ ብሎ ይታሰራል፤ ከዚያም ጫፉ ተስቦ ይጠብቃል። ጠንካራው የዳሌ አጥንት ግፊቱን ሊሸከም ይችላል፤ ሆድ ላይ የዋለ ቀበቶ ግን የውስጥ አካላትን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ሴትም ቀበቶውን ከማሕፀኗ በታች ታውለዋለች። ሕፃንን ታቅፎ አንድ ቀበቶ ለሁለት ማሰር አይገባም፤ የአዋቂው ክብደት ሕፃኑን ይጨፈልቀዋልና። ለሕፃን የሚሆነውን ቀበቶ ከአስተናጋጆች መጠየቅ ይገባል። የሚተኛ መንገደኛ አስተናጋጆች እንዲያዩለት ቀበቶውን ከብርድ ልብሱ በላይ ያስራል።

የአውሮፕላን ቀበቶ የሚፈታው እንደ መኪና ቀበቶ ቁልፍ በመጫን ሳይሆን፣ የዘለበቱን ክዳን ወደ ላይ በማንሣት ነው። በድንጋጤ ጊዜ እጅ የለመደውን ስለሚፈልግ፣ አሠራሩን ከመነሣት በፊት ደጋግሞ መሞከር ይጠቅማል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ብልህ መንገደኛ መብራቱ ቢጠፋም እንኳ በመቀመጫው ላይ እስካለ ድረስ ቀበቶውን አይፈታም።