«ኮከባችሁ አይገጥምም» የተባልን ሰሞን

ሠላሳ ዓመት ሊሞላዎት ጥቂት ወራት ሲቀሩ ምን ይባሉ ነበር? «መቼ ነው የምንድርሽ?» «ቤት መቼ ልትሠራ ነው?» «እዚያው መሥሪያ ቤት ነህ እስካሁን?» ይህ ዕድሜ ጥያቄው ሁሉ ባንድ ጊዜ በር የሚያንኳኳበት ነው።

የእኔም 29ኛ ዓመት እንዲያ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በማርኬቲንግ ኦፊሰርነት እሠራለሁ። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺታው ተሰጥቶ፣ የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ሲል ከደብረ ታቦር አክስቴ ደወለች። «ልጄ፣ ኮከባችሁን አሳይቼ ነበር፤ አይገጥምም። አንቺ የእሳት፣ እሱ የውኃ። ውኃ እሳትን ያጠፋል፤ ተይው ይቅርብሽ» አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዲግሪዬ የቢዝነስ ነው፤ በቁጥር እንጂ በኮከብ አላምንም እል ነበር። ይሁን እንጂ «አይገጥምም» የሚለው ቃል አንዴ ከተነገረ በኋላ እጮኛዬ ስልክ ባላነሳ ቁጥር፣ ትንሽ በተጋጨን ቁጥር ያ ነገር ትዝ ይለኝ ጀመር። እርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ቃል ገብቶ ከሆነ ስሜቱን ያውቁታል።

ኮከቡ የሚቆጠረው እንዴት ነው?

በአገራችን ኮከብ የሚቆጠረው በተወለዱበት ቀን ሳይሆን በስም ነው። በአውደ ነገሥት ስሌት እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ አለው። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት ይደመራሉ፣ ድምሩ በ12 ይገደፋል፣ ቀሪው ከ12ቱ ከዋክብት አንዱን ያመለክታል፦ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሁት። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። እነዚህም በአራት ባሕርያት ይመደባሉ። ሐመል፣ አሰድና ቀውስ እሳት ናቸው፤ ሸርጣን፣ አቅራብና ሁት ውኃ ናቸው። የቀሩት ስድስቱ ለመሬትና ለነፋስ ይከፈላሉ።

እንግዲህ ያስቡት። ስሌቱ በስም ከሆነ፣ የእርስዎንና የእናትዎን ስም የሚጋራ ሰው ሁሉ የእርስዎን ኮከብ ይዟል ማለት ነው። ከተወለዱ በኋላ ስምዎን ቢቀይሩ ኮከብዎም ይቀየራል። ሰማዩ ግን ያው የቀድሞው ነው።

ዙሐል ተመልሶ ሲመጣ

የሚገርመው፣ በዚያው ሳምንት አንዲት የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ስለ «ሳተርን መመለስ» የሚያወራ ቪዲዮ ላከችልኝ። ሳተርን በእኛ መጻሕፍት ዙሐል የሚባለው ነው። ፀሐይን አንዴ ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ገደማ ይወስድበታል። መሽተሪ የምንለው ጁፒተር ደግሞ ዙሩን በ12 ዓመት ገደማ ይጨርሳል። የምዕራባውያን ኮከብ ቆጣሪዎች ዙሐል በተወለዱበት ጊዜ ወደነበረበት ቦታ ሲመለስ ሕይወት ይናወጣል፣ ሰው ሥራና ትዳር ይለውጣል ይላሉ።

የፕላኔቷ ዙር እውነተኛ የሥነ ፈለክ ልክ ነው። ትርጉሙ ግን ከዚያ አይከተልም። በ29 እና በ30 ዓመት አካባቢ ብዙ ሰው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ሥራ ይቀይራል። ዙሐል ባይኖርም ያ ዕድሜ ይናወጥ ነበር።

ታዲያ ለምን ልክ ይመስለናል? በሥራዬ የማውቀው አንድ ዘዴ አለ። ለሁሉም የሚሆን ዓረፍተ ነገር ሲጻፍ እያንዳንዱ አንባቢ «ይህ ለእኔ ነው» ይላል። በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 ይህን በተማሪዎቹ ላይ ሞክሮታል። የባሕርይ ፈተና ሰጣቸውና «የየግላችሁ ውጤት ነው» ብሎ ወረቀት አደላቸው። ተማሪዎቹ ወረቀቱ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ሲለኩ አማካዩ ከ4 በላይ ሆነ። በኋላ ሲያዩት ሁሉም የያዙት አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ ያውም ፎረር አብዛኛውን የቀዳው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

በየትኛው «ሀ» ነው የጻፈው?

ለቡሄ ደብረ ታቦር ገባሁ። ነሐሴ 13 የከተማዋን ስም የያዘ በዓል ነው። ልጆች ጅራፍ እያጮኹ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ፣ የጉና ብርድ ሲወርድ፣ ሙልሙል ሲጋገር ሰው ሁሉ ከቤቱ ነው። የአባቴ አጎት የኔታም መጥተው ነበር። በወጣትነታቸው ጋይንት ቤተልሔም ድጓ የተማሩ ሰው ናቸው። አክስቴ ጉዳዩን አንሥታ «እርስዎ ይንገሯት» አለቻቸው።

የኔታ ጋቢያቸውን አጣፍተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «የልጁን ስም በየትኛው ‹ሀ› ነው የጻፈው?»

የእጮኛዬ ስም የሚጀምረው በብዙኃኑ «ኀ» ነው። ሃሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ» በስሌቱ ዋጋቸው ለየቅል ነው። መታወቂያ ላይ ግን ጸሐፊው የመጣለትን ይጽፋል። አክስቴ ስሟን በሚነካ ድምፅ «እኔ በስልክ ነው የነገርኩት» አለች። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

የኔታ ግን አልሳቁም። «እኛ ባሕረ ሐሳብ የምንማረው በዓልና አጽዋማት ለማውጣት ነው፤ የሰው ትዳር ለማፍረስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ኮከብ ቆጠራን አትፈቅድም» ብለው ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺስ? ኮከቡን የፈለግሽው ለምንድን ነው?»

እናቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይዟት ይሄዳል ብዬ ነው» አለች። ታላቅ ወንድሜ «ለሁለት ዓመት» ብሎ ወደ ውጭ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እጮኛዬም ለውጭ አገር ትምህርት ማመልከቻ እንዳስገባ ከሰው ሰምታ ኖሯል። እኛ ነን ያልነገርናት። «ሄደው እስኪያዩት አናስጨንቃት» ብለን ደብቀናታል። ኮከቡ የተሳሳተ ነበር፤ ፍርሃቷ ግን እውነት ነበር። በግልጽ «አትሂዱብኝ» ማለት ስለከበዳት ኮከብ እንዲናገርላት ላከች።

የራሳችን ዑደት

የለውጥን ጊዜ መቁጠር ለእኛ አዲስ አይደለም። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ሐዘን ደርሶ ሰልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እያልን እንወጣዋለን። እነዚህ ቀኖች ዕጣ ፈንታን አይናገሩም። ጎረቤትና ዘመድ በሰዓቱ እንዲሰበሰብ ያደርጋሉ፤ ጥቅማቸውም እሱ ነው።

የባሕረ ሐሳብን ስሌትም ይመልከቱ። ዘመኑ በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ይዞራል፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። በዚህ አቆጣጠር 28 ዓመት ሲሞላዎት የልደት ቀንዎ በተወለዱበት ዕለትና ወንጌላዊ ይውላል። በ19 ዓመት ደግሞ ጨረቃ በተወለዱ ቀን በነበረችበት መጠን አካባቢ ትገኛለች። 19 በ28 ሲባዛ 532 ይሆናል፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው ነው። ልደትዎን ቆም ብለው ራስዎን የሚጠይቁበት ቀን ለማድረግ ከፈለጉ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይፈልጉም። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናትም ሰዎች በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ እንዲሁም ከልደታቸው በኋላ ስፖርት ቤት አዘውትረው እንደሚሄዱ አሳይቷል። አዲስ ቀን ጉልበት ይሰጣል፤ ውሳኔው ግን የእርስዎ ነው።

ቤትዎ ውስጥ «አይገጥምም» ከተባለ

ቀድመው አይሳቁ፣ አይቆጡም። «ምን ፈርተሽ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከኮከቡ ጀርባ ብዙ ጊዜ የርቀት፣ የገንዘብ፣ የጤና ወይም የብቸኝነት ስጋት አለ።

ከጋብቻ በፊት በእውነት መግጠም ያለበትን ይመርምሩ። የት ነው የምትኖሩት? ደመወዛችሁን እንዴት ታዛላችሁ? የሁለታችሁን ወላጆች ማን ይጦራል? የጤና ምርመራ አድርጋችኋል?

የደበቁት ነገር ካለ ሌላ ሰው ሳይነግርብዎት ራስዎ ይንገሩ።

የእኛ ሠርግ ደብረ ታቦር ላይ ተደገሰ። አክስቴ ጠላውን ጠመቀች፣ ደግሞም ከሁሉ በላይ እስክስታ የመታችው እሷ ናት። ማመልከቻውን ትተን ቀረን ብዬ አልዋሽዎትም፤ መልሱ እስካሁን አልመጣም። የመጣ ዕለት ግን እናቴ የምትሰማው ከእኛ ነው፣ በመጀመሪያው ስልክ።