የሚታየው ትልና የሚገድለው ትል

ክረምቱ ሲገፋ ክሊኒካችን ደጃፍ የሚታሰሩት በጎችና ፍየሎች ይበዛሉ። ባለቤቶቻቸው ወደኛ የሚመጡት ግን ቤት ያፈራውን ሁሉ ከሞከሩ በኋላ ነው፤ ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ፣ የግራዋ ቅጠል ጭማቂ፣ ነጭ ሽንኩርት። «ዶክተር፣ ኮሶ ጋትኋቸው፣ ትሉም ወጣላቸው፤ መክሳታቸውን ግን አልተዉም» ይሉኛል። አይዋሹም። ትል ወጥቷል። የወጣው ግን የሚገድላቸው ትል አይደለም።

በጠቦቶች በጠጥ ላይ የሩዝ ቅንጣት መስሎ የሚታየው ነጭ ቁራጭ የጥገኛ ጠፍጣፋ ትል አካል ነው። ኮሶና እንቆቆም አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ ከበሉ በኋላ በራሳቸው ላይ የፈተኗቸው የዚሁ ወገን ትል መድኃኒቶች ናቸው። በበግና በፍየል ሆድ ያለው ጠፍጣፋ ትል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ጉዳት አያደርስም። ለዓይን ስለሚታይ ብቻ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ላይ ይለጠፋል።

ዋናው ገዳይ ሄሞንከስ የተባለው ቀጭን ትል ነው። ርዝመቱ ከ1 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አራተኛው የጨጓራ ክፍል ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። አንዷ እንስት በቀን 5,000 እና ከዚያም በላይ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ግን ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ትሉም ከበጠጥ ጋር አይወጣም። ብዙ ጊዜ ተቅማጥ እንኳ ስለማያስከትል ባለቤቱ የሚያየው ነገር የለም። በጓ ከመንጋው ወደ ኋላ ትቀራለች፣ መንጋጋዋ ሥር ውሃ ይቋጥራል፣ አንድ ማለዳ ሞታ ትገኛለች።

ስለዚህ እኔ ከበጠጡ በፊት ዓይን አያለሁ። በቀን ብርሃን በአንድ አውራ ጣት የላይኛውን ቆብ ጫን አድርጌ በሌላው የታችኛውን ዝቅ አደርጋለሁ። ውስጡ ቀይ ከሆነ ደም አላት። ቅላቱ እየጠፋ ወደ ነጭ ከሄደ ግን ደሟ እየተመጠጠ ነው። ደቡብ አፍሪካውያን የእንስሳት ሐኪሞች ይህንኑ በአምስት ደረጃ ከፍለው ፋማቻ ብለው ሰይመውታል፤ ማንም አርብቶ አደር ሊማረው ይችላል።

ታዲያ ዕፅዋቱ በዚህ ትል ላይ አይሠሩም? የአገራችን ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የድንብላል ጥናት ጥሩ መልስ ይሰጣል። በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ የድንብላል ጭማቂ የሄሞንከስ እንቁላል እንዳይፈለፈል አድርጓል። በበጎች ላይ ሲሞከር ግን ከፍተኛውን መጠን በወሰዱት ዘንድ በሁለተኛው ቀን የእንቁላሉ ቁጥር ቀነሰ፤ በሰባተኛውና በአሥራ አራተኛው ቀን ልዩነቱ ጠፋ። በብርጭቆ ውስጥ መድኃኒቱ ትሉን በቀጥታ ያገኘዋል። በበግ ሆድ ውስጥ ግን በብዙ ሊትር ፈሳሽ ይቀጥናል፣ የጨጓራ ረቂቅ ተሕዋስያንም ያፈራርሱታል። ዕፅዋቱ ከንቱ ናቸው ማለቴ አይደለም። መጠናቸው ገና አልተለየም ማለቴ ነው።

መጠን ያልተለየለት ነገር ደግሞ ይጎዳል። ኮሶ ከልክ ሲያልፍ የዓይን ብርሃን ይነካል። እንዶድ የጋቱ ሰዎችም ይገጥሙኛል። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያዩት እንዶድ ቀንድ አውጣ መግደሉን ነው፤ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ለበግ ጉሮሮ የሚሆን ነው ማለት አይደለም።

ፋብሪካው ያመጣውም ከነቀፋ አያመልጥም። አልቤንዳዞል ከገበያ ተገዝቶ በግምት ለመንጋው ሁሉ ይታደላል፤ መጠኑ ሲያንስ መድኃኒቱን መቋቋም የሚችሉት ትሎች ይተርፋሉ፣ ይራባሉም። ፍየል መድኃኒቱን ከበግ ፈጥና ከሰውነቷ ስለምታስወግድ በበግ ልክ መስጠት አይበቃትም። በእርግዝናዋ መጀመሪያ ላለች እንስሳ ደግሞ መስጠት ጽንሱን ሊያበላሽ ይችላል።

በየቤታችን የምንችለው ብዙ ነው። ጤዛው ሳይደርቅ መንጋ አታውጡ፤ የትሉ እጭ በእርጥብ ሣር ላይ ይወጣልና። የትል እጭ የሚበዛው ከመሬት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኑ ፍየሎቻችሁን ወደ ቁጥቋጦው ስደዱ፤ ከፍ ያለ ቅጠል የምትቀነጥብ ፍየል እጩን ብዙም አትውጥም። ረግረጉን ከልሉ፤ ከቀንድ አውጣ የሚወጣው የጉበት ትል የሚገኘው እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ወደ ክሊኒክ ስትመጡ ቤት ውስጥ ምን እንደጋታችኋቸው፣ ምን ያህል እንደጋታችኋቸውና መቼ እንደጋታችኋቸው ሳትሸሽጉ ንገሩን። አንቆጣም፣ አንስቅባችሁም። ሳናውቀው ሁለት መድኃኒት ከተደራረበ ግን የምትከስረው በጓ ናት።