ነባር ኮምፒውተሮች በሊኑክስ ለጨዋታ ሊውሉ ይችላሉ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ሆኖም በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌና በሌሎች ቆላማ ከተሞች ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ኮምፒውተር ያላቸው ነዋሪዎች አዲስ ለመግዛት አይገደዱም። ሊኑክስ የተሰኘው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ በፍላሽ ለብዙ ኮምፒውተሮች ስለሚዳረስም የኢንተርኔት ወጪን ይቀንሳል።

ለዊንዶውስ የተሠሩ ጨዋታዎችን በሊኑክስ ማስኬድ ቀድሞ አዳጋች ነበር። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ፕሮቶን ግን ጨዋታው ለዊንዶውስ የሚያስተላልፈውን ትእዛዝ ሊኑክስ ወደሚያውቀው እየለወጠ በርካቶቹን ያሠራል። ሱፐርታክስካርትን የመሰሉ ነጻ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታዎች ደግሞ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ይሁን እንጂ ፎርትናይትና ቫሎራንት የማጭበርበር መከላከያቸው ስለማይፈቅድ ሊኑክስ ላይ ተጭነው አይሠሩም። ከባድ ጨዋታዎችም እንደ ቀድሞው ኃይለኛ ግራፊክስ ካርድ ይሻሉ።

ስለሆነም ዊንዶውስን ከማጥፋት አስቀድሞ ፋይሎችን በሌላ ዕቃ ላይ መገልበጥ፣ ቀጥሎም ሊኑክስን ሳይጭኑ ከፍላሽ አስነሥቶ ምስሉን፣ ድምፁንና ዋይፋዩን መፈተሽ ይገባል።