ግማሽ ኢንች ነው ከማለት በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት እንጅባራንና ዳንግላን ሰንጥቆ ያልፋል። ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል የሚታጠፈው መንገድ ወደ ጉባ፣ ወደ ህዳሴ ግድብ ያደርሳል። በጃዊ የጣና በለስ ስኳር ልማት አለ። ከዚያ ወዲያ ፓዊ ላይ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጣሊያኖች የጣና በለስን ፕሮጀክት ሲጀምሩ የአገራቸውን ማሽን ይዘው ነበር የመጡት። ስለዚህ እንጅባራና ዳንግላ ባሉበት በአዊ ዞን አንድ ጋራዥ ደጃፍ የእንግሊዝ ማሴይ ፈርጉሰን፣ የጃፓን ኮማትሱ፣ ከሶቭየት ዘመን የተረፈ ቤላሩስ ትራክተርና አዲስ የቻይና ሎደር ጎን ለጎን ቆመው ቢታዩ አይገርምም። ሁሉም ባልዲያቸውን ወይም ማረሻቸውን የሚያነሱት በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱን የሚያደርሰው ሆዝ ጫፍ ላይ ያለው ባለጥርስ ፊቲንግ ግን እንደየአገሩ ይለያያል።

ችግሩ የሚመጣው ሆዙ ሲፈነዳ ወይም ፊቲንጉ ሲሰነጠቅ ነው። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ስልክ ይደወላል፤ «ምንድን ነው?» ይባላል፤ «ግማሽ ኢንች ነው» ተብሎ ይመለሳል። በማግስቱ በሚኒባስ የሚመጣው ዕቃ አንድም አይገባም፣ አንድም ይገባና ዘይት ይተፋል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ያልገባ ዕቃ ቢያንስ ማሽኑን አላበላሸም።

«ግማሽ ኢንች» የሚለው ስም ራሱ አሳሳች ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ የእንግሊዙ ግማሽ ኢንች ፊቲንግ ውጫዊ ስፋቱ ግን 21 ሚሊሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ስሙ የቆየ የቧንቧ ልማድ ነው፤ የሚያመለክተው የድሮውን ቧንቧ የውስጥ ቀዳዳ እንጂ የጥርሱን ስፋት አይደለም። እንግዲህ ስሙን ትቶ ቁጥሩን መያዝ ነው የሚሻለው። ለሻጩ ሦስት ነገር መንገር ይበቃል፦ የጥርሱ ስፋት፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት (መካኒኮች ፒች ይሉታል) እና ዘይቱ የሚታገድበት የአፉ ቅርጽ።

ስፋቱን ለማወቅ ፊቲንጉን በናፍጣ አጥቦ ማድረቅና የወንዴውን ጥርስ ከጫፍ እስከ ጫፍ በካሊፐር መለካት ነው። 20.9 ካነበበ የእንግሊዝ ግማሽ ኢንች ሊሆን ይችላል፤ 21.3 አካባቢ ከሆነ የአሜሪካ ግማሽ ኢንች፤ 20 ወይም 22 ድፍን ከሆነ የሚሊሜትር ጥርስ፤ 19 ከሆነ ደግሞ አሜሪካኖች በሎደርና በዶዘር ላይ አብዝተው የሚጠቀሙበት የሦስት አራተኛ ኢንች ጥርስ ነው። ያረጀ ጥርስ ከአንድ እስከ ሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር ስለሚበላ ልኬቱ ሁልጊዜ ትንሽ አንሶ ይገኛል። በዚያው ካሊፐር የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጥርስ ማወዳደርም ይገባል። እኩል ከሆኑ ጥርሱ ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ጫፉ የሚቀጥን ከሆነ በ16 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ አንድ ሚሊሜትር ያህል ልዩነት ይታያል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ሴቴው ጥርስ ሲለካ የሚገኘው የውስጥ ቀዳዳው ስፋት ነው። የእንግሊዝ ግማሽ ኢንች ሴቴ ከ18.6 ይጀምራል፤ ባለ 20 ሚሊሜትሩ ሴቴ (ፒቹ 1.5 የሆነው) ከ18.4 ይጀምራል። ጋራዥ ውስጥ፣ ዘይት በነካው እጅ፣ ይህን ልዩነት አምኖ ዕቃ ማዘዝ ቁማር ነው። የሚለያቸው ፒቹ ነው፦ የእንግሊዙ 1.81፣ የሚሊሜትሩ 1.5።

የፒች መለኪያ በየጋራዡ አይገኝም፤ ግን ያለ እሱም ይቻላል። በካሊፐሩ ጫፍ አንድ ጥርስ ላይ ተነስቶ አምስት ክፍተት ቆጥሮ ስድስተኛው ጥርስ ላይ መድረስ ነው። 9 ሚሊሜትር ከሆነ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ግማሽ ኢንች፤ 7.5 ከሆነ የሚሊሜትር፤ 7.9 ከሆነ ባለ 19ኙ የአሜሪካ ጥርስ። ካሊፐርም ከሌለ ጥርሱን ግራሶ ቀብቶ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ማንከባለልና የወጣውን መስመር በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ሌላም ዘዴ አለ። በ17 ቁልፍ የሚፈታው ተራ ባለ 10 ቡሎን ፒቹ 1.5 ነው። ቡሎኑን ከፊቲንጉ ጎን አስጠግቶ ጥርስ ለጥርስ በማጋጠም ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ ብርሃን ካላሳለፉ አንድ ናቸው። የጃፓን መኪና ቡሎን ግን ብዙ ጊዜ 1.25 ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ለእንግሊዙ ጥርስ ደግሞ ማመሳከሪያው የሚገኘው የሕንፃ መሣሪያ መደብር ነው፦ የቤት ውሃ የሚዘረጋበት ግማሽ ኢንች ኒፕል በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ ያለው የእንግሊዝ ጥርስ ነው። ለማመሳከሪያ ብቻ ይሁን። የቤት ውሃ ግፊት ጥቂት ባር ነው፤ የትራክተር ሃይድሮሊክ ወደ 200፣ የእስካቫተር ደግሞ 350 ባር ይደርሳል።

የአሜሪካና የእንግሊዝ ግማሽ ኢንች ለብቻቸው ሊጠቀሱ ይገባል፤ ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ተነካክሰው ይገባሉ። የጥርሳቸው ሹለት ግን ይለያያል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ጥርሱን 55 ዲግሪ አድርጎ ሐሳብ አቀረበ፤ አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ በ1864 በ60 ዲግሪ መጣ። ዛሬ አንዱን በሌላው ውስጥ ስናስገባ ጥቂት ዙር ከዞረ በኋላ ይጠብቅና «ያዘ» እንላለን፤ ግፊት ሲመጣ በጥርሶቹ መካከል በቀረው ክፍተት ዘይቱ ይወጣል። ከዚያ ቴፍሎን ይጠመጠማል። ቴፍሎን ላልተዛመደ ጥርስ መድኃኒት አይደለም፤ ተበጣጥሶ ከዘይቱ ጋር ከሄደ ቫልቭ ይዘጋል። ቀጥ ያለ ጥርስ ላይማ ጭራሽ ትርጉም የለውም፤ እዚያ ጥርሱ የሚይዝ እንጂ ዘይት የሚያግድ አይደለም።

ዘይቱን የሚያግደው አፉ ነው፤ እኔ ብሆን ከስፋቱም በፊት እሱን ነው የማየው። ፊት ለፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ የኦሪንግ ቦይ ካለው ነገሩ ቀላል ነው። ሾጣጣ ከሆነ ግን ዲግሪው ይፈለጋል። ከላይ ያነሳነው ባለ 19ኙ የአሜሪካ ጥርስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፦ በዚያው ጥርስ አንዱ ፊቲንግ አፉ 37 ዲግሪ፣ ሌላው 45 ዲግሪ ሆኖ ይሠራል። አንዱ ከሌላው ጋር ሲገጠም ዳዶው እስከ መጨረሻው በእጅ ይሽከረከራል፣ ብረቱ ግን የሚነካካው በቀጭን ክብ መስመር ብቻ ነው። ለመለየት የደብተር ሽፋን ማዕዘን ይበቃል። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ፣ ማለትም በየጎኑ 45 ስለሆነ በ45 ዲግሪው ሴቴ አፍ ውስጥ ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ነክቶ ይቀመጣል፤ በ37 ዲግሪው ግን ጠርዙ ላይ ብቻ ተደግፎ ይቀራል። ቀጥ ያለ የወረቀት ጠርዝ ሦስት እኩል ቦታ ሲታጠፍ ደግሞ 60 ዲግሪ (በየጎኑ 30) ይሰጣል። የእንግሊዙ ወንዴ ፊቲንግ ጉድጓድ አፍ የሚገጥመው በዚህ ነው። የኮማትሱም ሾጣጣ 60 ነው፣ ግን በወንዴው ላይ ወደ ውጭ ይሾላል፣ ጥርሱም ሚሊሜትር ነው። ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል ወይስ ወደ ውጭ ይሾላል የሚለው ጥያቄ ብቻ ብዙ ግምት ይቆርጣል።

የማሽኑ አገር ፍንጭ ይሰጣል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው ሲዞር የኖረ ትራክተር ላይ ስንት ጊዜ ቶርኖ ቤት የተሠራ ማገናኛ እንደገባ ማን ያውቃል። ሲደወል ሦስቱን ቁጥር መናገር፣ ፊቲንጉን ከማስመሪያ ጋር ከጎንና ከአፉ በኩል ፎቶ አንስቶ መላክ፣ ከተቻለም አሮጌውን ራሱን በሾፌር መላክ ይሻላል።

ሲፈታም ሲገጠምም ባልዲው መሬት ላይ ይረፍ፣ ሞተር ይጥፋ፣ ማንሻዎቹ ወዲያና ወዲህ ተንቀሳቅሰው በሆዙ ውስጥ የቀረው ግፊት ይውጣ። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን በዝግታ አስነስቶ ማየት ነው። ማፍሰሱን በካርቶን እንጂ በእጅ መዳሰስ አይገባም። በመርፌ ቀዳዳ የምትወጣ ዘይት ቆዳ ትበሳለች፤ ቁስሉ ነጥብ ያህል ይታያል፣ ብዙም ላያም ይችላል፣ ውስጥ የገባው ዘይት ግን በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ይገድላል። እንዲህ የሆነበት ሰው እስኪያብጥ ሳይጠብቅ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ፤ ለሐኪሙም «በከፍተኛ ግፊት የወጣ ዘይት ነው የገባብኝ» ብሎ ይንገር።