ያልተጻፈውን ዋና ሐሳብ ማንበብ

«የምንባቡ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በቋንቋ መማሪያ መጻሕፍትና በፈተናዎች ዘወትር የሚቀርብ ቢሆንም፣ ተማሪው ወደ መልሱ የሚደርስበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ በግልጽ አይነገረውም። በተለምዶ የሚሰጠው ምክር የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አጥብቆ እንዲያነብ የሚያሳስብ ሲሆን፣ ይህም ዋና ሐሳብ በአንቀጹ ውስጥ ተጽፎ ፈላጊውን የሚጠብቅ ነገር ነው ከሚል ግምት የመነጨ ነው። በንባብ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ግን አንባቢው ዋናውን ሐሳብ በአብዛኛው ከዝርዝሮቹ ተነሥቶ ራሱ እንደሚገነባው ያመለክታሉ።

ነገሩን ለመረዳት ሦስት ጽንሰ ሐሳቦችን መለየት ያስፈልጋል። ርእሰ ጉዳይ ጽሑፉ የሚያወራበት ነገር ሲሆን፣ በአንድ ቃል ወይም በሐረግ ሊገለጽ ይችላል፤ ዋና ሐሳብ ስለዚያ ርእሰ ጉዳይ የተነገረው ጠቅላላ ፍሬ ነገር ነው፤ ደጋፊ ዝርዝሮች ደግሞ ያንን ፍሬ ነገር በምሳሌ፣ በምክንያት ወይም በማስረጃ የሚያጸኑ መረጃዎች ናቸው። ዋናውን ሐሳብ በቀጥታ የሚናገር ዓረፍተ ነገር በአንቀጹ ውስጥ ሲኖር ኃይለ ቃል ይባላል። ይሁን እንጂ አሜሪካዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ብራዶክ እ.ኤ.አ. በ1974 ከታወቁ መጽሔቶች የተወሰዱ 25 መጣጥፎችን መርምሮ ባወጣው ጥናት፣ በኃይለ ቃል የሚጀምሩት አንቀጾች 13 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል።

ኃይለ ቃል በሌለበት አንባቢው ምን እንደሚያደርግ ለማስረዳት ዋልተር ኪንች እና ቴዩን ቫን ዳይክ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያሰላስለው የሚችለው መረጃ ውስን በመሆኑ፣ አንባቢው የዓረፍተ ነገሮቹን ዝርዝር ሁሉ ተሸክሞ መጓዝ ስለማይችል፣ ለፍሬ ነገሩ የማያስፈልገውን ይሰርዛል፣ ተመሳሳይ የሆኑትን በአንድ ጠቅላላ ስም ይጠቀልላል፣ በመጨረሻም የቀሩትን የሚያቅፍ አዲስ ሐሳብ ይገነባል።

ሂደቱ በሚከተለው አጭር አንቀጽ ላይ በግልጽ ይታያል። «እንሰት ዝናብ ሲያጥር እንደ በቆሎ ፈጥኖ አይደርቅም። የሚነቀለው በአንድ የመኸር ወቅት ብቻ ስላልሆነ ገበሬው በቸገረው ጊዜ ሊጠቀምበት ይችላል። ከእርሱ የሚዘጋጀው ቆጮም በጉድጓድ ተቀብሮ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። በጉራጌና በሲዳማ በየጓሮው ይተከላል።» እዚህ ላይ «እንሰት» ብሎ የሚመልስ ተማሪ ርእሰ ጉዳዩን እንጂ ዋናውን ሐሳብ አልተናገረም። «ቆጮ ለወራት ይቆያል» የሚለው መልስ አንዱን ዝርዝር ብቻ ስለያዘ ይጠባል፤ «እንሰት ጠቃሚ ተክል ነው» የሚለው ደግሞ አንቀጹ ያላነሣውን የቃጫውን ጥቅም ጭምር ስለሚያስገባ ይሰፋል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ተሰርዞ፣ ድርቅን መቋቋም፣ በፈለጉት ጊዜ መነቀልና ሳይበላሹ መቆየት በአንድነት ሲታዩ ግን «እንሰት በችግር ጊዜ የሚደረስበት አስተማማኝ የምግብ መጠባበቂያ ነው» የሚል፣ በአንቀጹ ውስጥ የትም ያልተጻፈ ሐሳብ ይወጣል።

ከእነዚህ ተግባራት ሁሉ ከባዱ የመጨረሻው ነው። አን ብራውንና ጂን ዴይ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች አላስፈላጊውን በመሰረዝ ረገድ ጎበዞች ሲሆኑ፣ የራሳቸውን ኃይለ ቃል መፍጠር ግን እጅግ ከብዷቸው የታየ ሲሆን፣ የኮሌጅ ተማሪዎችም ቢሆኑ በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ አልፈጠሩም። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ማስመር ብቻ ያስለመደ ትምህርት ተማሪውን ከሂደቱ ቀላል ክፍል ላይ ያቆመዋል።

ተማሪውን ከሚረዱት ነገሮች አንዱ የጽሑፉን አወቃቀር መለየት ነው። ቦኒ ሜየርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1980 በዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ጸሐፊው ሐሳቡን ያዋቀረበትን ስልት ተከትለው ያነበቡትን ያስታወሱ ተማሪዎች የበለጠ መረጃ ይዘው ተገኝተዋል። ከአያያዥ ቃላት መካከል ለምሳሌ «በዚህም ምክንያት» የምክንያትና ውጤት፣ «በአንጻሩ» ደግሞ የንጽጽር አወቃቀርን ስለሚጠቁሙ፣ የትኛው ሐሳብ የትኛውን እንደሚደግፍ ለመለየት ይረዳሉ።

ሌላው ነገር የርእሰ ጉዳዩ ዕውቀት ነው። ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ለ64 ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚያወሳ ምንባብ ሰጥተው እንዳረጋገጡት፣ ጨዋታውን የሚያውቁ ደካማ አንባቢዎች ጨዋታውን ከማያውቁ ጎበዝ አንባቢዎች በተሻለ ሁኔታ ዋና ዋናዎቹን ሐሳቦች ለይተዋል። አስፈላጊውን ከአላስፈላጊው መለየት የሚቻለው ስለ ነገሩ አስቀድሞ የሚያውቁት ሲኖር በመሆኑ፣ ስልቱን በማያውቁት ጉዳይ ላይ ማስተማር ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ መጫን ይሆናል።

በመሆኑም መምህሩ ልምምዱን ተማሪዎቹ በሚያውቁት ጉዳይ ላይ በተጻፈ አጭር አንቀጽ ጀምሮ፣ የትኛውን ዓረፍተ ነገር ለምን እንደሚሰርዝና የቀሩትን ምን እንደሚያስተሳስራቸው እያሰበ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢናገር፣ ከዚያም ተማሪዎቹ የጻፉትን ዋና ሐሳብ በሁለት ጥያቄዎች እንዲፈትሹ ቢያደርግ ይመረጣል፦ ያልታቀፈ አስፈላጊ ዝርዝር አለ ወይ? አንቀጹ ያላነሣው ነገርስ ገብቷል ወይ? ለመጀመሪያው «የለም»፣ ለሁለተኛው ደግሞ «አልገባም» የሚል መልስ ያገኘ ተማሪ ኃይለ ቃል ኖረም አልኖረም የጽሑፉን ፍሬ ነገር ለመጨበጥ የሚያስችል ስልት ይዟል።