ከናይሮቢ ናንዩኪ፦ ተዘግቶ የነበረው ሐዲድ

ናይሮቢ ውስጥ ሩንዳ ሰፈር የሚኖር አበሻ ወደ ቲካ ሲሄድ ዓይኑ የሚያርፈው ሰፊው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከዚያው ሳይርቅ በካሃዋና በሩይሩ በኩል የሚያልፈውን አሮጌ ሐዲድ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እኔ ግን የዚህን መስመር ታሪክ ሁሉም ቢያውቀው እወዳለሁ።

ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1913 ቲካ ደረሰ፤ በ1930 ደግሞ ሳጋናን፣ ካራቲናንና ናሮ ሞሩን አልፎ ናንዩኪ ገባ። ስፋቱ እንደ ቀድሞው የለገሃርና የጅቡቲ ባቡር 1 ሜትር ነው። ጠባብ ሐዲድ ጠመዝማዛ ቦታ ላይ እንደ ልብ ይታጠፋል፤ ለቆረጣና ለድልድይ የሚወጣውንም ገንዘብ ይቀንሳል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሳጋና ተነስቶ፣ በኬንያ ተራራ ግርጌ ወደ 1,950 ሜትር ለሚወጣ ባቡር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኬንያ መስመሮች ብዙ ቦታ ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፉት አግዳሚዎች ብረት ናቸው፤ እንጨቱን ምስጥ ይጨርሰዋልና።

መስመሩ በዋናነት የታሰበው ለነጭ ሰፋሪዎች ነበር፤ ቡናቸውንና ቃጫቸውን ወደ ወደብ እንዲያወርድ። የኪኩዩ ገበሬ በገዛ አገሩ ቡና እንዳይተክል በቅኝ አገዛዙ ታግዶ ኖሯል፤ በሰፊው የተፈቀደለት በ1950ዎቹ ነው። በማሳው ጥግ የሚያልፍ ባቡር የሌላውን ምርት ብቻ ጭኖ ሲሄድ ማየት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ መገመት አያቅትም።

ባቡሩን ያሸነፈው የጭነት መኪና ነው። አይሱዙ የካራቲናን ድንች ከማሳ አንስቶ ናይሮቢ ገበያ መሀል ያራግፋል፤ በባቡር ከሆነ ግን እስከ ጣቢያ ማጓጓዝ፣ መጫን፣ ማራገፍ፣ እንደገና መጫን አለ። ጥገናውም ተረሳ። ከቲካ በላይ ያለውን ሐዲድ ለዓመታት ሣር ዋጠው።

በ2020 የኬንያ ምድር ባቡር ከጦር ሠራዊቱና ከብሔራዊ የወጣቶች አገልግሎት ጋር በ1.8 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ አደሰው፤ በዓመቱ መጨረሻም መንገደኞች የጫነ ባቡር ናንዩኪ ገባ። እንደ እኔ ትልቁ ቁም ነገር መሬቱ በባቡሩ ስም መቆየቱ ነው። ቤትና ሱቅ ሙሉ በሙሉ ይዞት ቢሆን ኖሮ ለካሳ የሚወጣው ብቻ ሥራውን ባስቀረው ነበር። አሁን በቦቴ ይመላለስ የነበረ ነዳጅ ሳይቀር በሐዲዱ ወደ ናንዩኪ መጓዝ ችሏል።